ሙቅ ብቻ

የሞቀ ውሃ ሽታ የለውም ይላሉ። አለው። ብረት ብረት ይላል፣ ትንሽ ጢስ ጢስ ይላል፤ ብርጭቆውን በሁለት መዳፍህ ይዘህ አፍንጫህን ስታስጠጋው ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፣ ስሙን የማላውቀው። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ሻይ ቤት የገባን ዕለት አስተናጋጁ ሻይ ቅጠል አልቆብኛል ብሎ የፈላ ውሃ በብርጭቆ አስቀመጠልኝ። «ለጊዜው ይኼን ፉት በል፣ ደረትህን ይፈታልሃል» አለኝ። ፉት አላልኩም። እስኪቀዘቅዝ ይዤው ተቀመጥኩ። ምን ሆንክ ብለህ ጠየቅኸኝ፤ ምንም አልኩህ።

ምንም አልነበረም አይደለም። ልንገርህ። ሳወራ እየቆምኩ ነው የማወራው፣ ታገሠኝ።

ወንድሜ በሰባት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ከዘመቻው ሳይመለስ ስለቀረ ቤቱን የያዘው እሱ ነበር። ጣሊያን ደሴን ከያዘ በኋላ መንገድ ሥራ ተቀጥሮ ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ከደጋን በታች ድንጋይ ሲፈልጥ ከረመ። ሲሄድ በሬ የሚያህል ሰው ነበር። ሲመለስ ግን ደሴ፣ ሆጤ ካለችው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሞ እናታችን ለአፍታ አላወቀችውም። «የማንን ቤት ፈለግህ ልጄ?» አለችው። እሱ ሳቀ። «ያንቺን» አላት።

የበላው አልፈጭ ይለው ነበር። ሌላ ሕመም አልነበረውም፤ ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው። ብቻ እንጀራ ሁለት ጉርሻ ከወሰደ እዚያው ደረቱ ሥር ይቆምበታል። ሆዱ ይነፋል። ከሰዓት በኋላ የጠዋቱን እንዳለ ያስመልሰዋል። «በካንቲየሬው፣ በመንገድ ሥራው ሰፈር፣ የፈለጥኩት ድንጋይ ተከትሎኝ መጥቶ ነው» ይል ነበር፣ ሆዱን በጣቱ እየመታ። እናቴ አትስቅም ነበር።

ኮሶ አጠጣችው። ፌጦ በሎሚ አጠጣችው። ጠበል ወሰደችው። አንድ ቀን ከጣሊያኖቹ መድኃኒት ቤት ነጭ ኪኒን ተሰጥቶት መጣ፤ እሱም አብሮ ወጣ። ከኮሶው በኋላ ግድግዳ ሳይዝ መቆም አቃተው። እኔ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ልብሱን ሳጥብለት ቀበቶው ላይ አዲስ የተበሳ ቀዳዳ አየሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቀዳዳ ነበር።

ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበረችን። ስለ ባኒያኑ የነገረችን እሷ ናት። ሕንድ ነጋዴዎችን ባኒያን ነበር የምንላቸው።

«ኮምቦልቻ፣ ዓረቡ ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል። የባሌን ሆድ ወላሂ እንደ አዲስ ነው የሠራው። የአገሩ መድኃኒት ነው፤ ቅመም እንጂ መርዝ አይደለም።»

«ላም ያመልካል ይባላል እኮ» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ላሙን ለሱ ተዪለት። አንቺ ሆዱን የሚያውቅለትን ፈልጊ።»

በቅሎም ያዋሰችን እሷ ነበረች። በማግስቱ ማለዳ ወንድሜን ላይዋ አስቀምጬ ልጓሙን ይዤ ወረድን። ደሴ ጭጋግ ውስጥ ነበረች። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ጭጋጉ እየተገፈፈ፣ አየሩ እየሞቀ ሄደ፤ ወንድሜ ጋቢውን ከትከሻው ጣለ። የመንገድ ሠሪዎቹ ድማሚት ከሩቅ ይጮሃል፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ወፎች። በእያንዳንዱ ጩኸት በቅሎዋ ጆሮዋን ታቆማለች፤ እሱ አንገቷን እየዳበሰ «አይዞሽ፣ የኔ ጓደኞች ናቸው» ይላታል። ትዝ የሚለኝ ይኼ ነው። ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

የዓረቡ ሱቅ አቡጀዴ፣ ጨው፣ ሳሙናና ቅመም የሞላባት ጠባብ ቤት ነበረች። ከበሩ ስትገባ የቁንዶ በርበሬ ሽታ ያስነጥስሃል። ዓረቡ፣ አባቱ ከየመን የመጡ፣ እዚሁ ወሎ የተወለደ ወፍራም ሰው ነው፤ አማርኛው እንደኔና እንዳንተ ነው። ባኒያኑ ግን ጥግ ላይ ጉልበቱን አጥፎ የተቀመጠ፣ ነጭ ጨርቅ ያገለደመ ትንሽ ሽማግሌ ነበር። አማርኛን ከዓረቡ ሚስት ስለተማረ ሰውን ሁሉ አንቺ ነው የሚለው።

«ነይ። ቁጭ በይ» አለው ወንድሜን።

ወንድሜ ወደ ኋላው ዞረ፣ ሴት ገብታ እንደሆነ ለማየት። ዓረቡ በሳቅ ፈረሰ። «አንተን ነው ጌታዬ። እኔንም አንቺ ነው የሚለኝ፤ ለምጄዋለሁ።»

ባኒያኑ አልሳቀም። የወንድሜን እጅ ይዞ ሦስት ጣቶቹን የደም ሥሩ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ቆየ። አንዱን ጣት ጫን፣ ሌላውን ላላ ያደርጋል። ከዚያ «ምላስ አውጪ» አለው። ምላሱ ነጭ ሽፋን ነበረው። ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚያስመልሰው፣ ከምግብ በኋላ እንቅልፍ ይይዘው እንደሆነ ጠየቀው፤ ያልገባንን ዓረቡ በዓረብኛ እየተቀበለ ይነግረናል። በመጨረሻ ባኒያኑ በራሱ አማርኛ እንዲህ አለ፦

«ሆድ ውስጥ እሳት አለ። ሰው ሁሉ አለ። ያንቺ እሳት ትንሽ። ጢስ ብቻ። ትልቅ እንጨት ትጭኛለሽ፣ ይጠፋል። እንጨት ተዪ። እፍ በይ። ትንሽ፣ ትንሽ።»

ከንፈሩን አሹሎ እፍ ሲል አሁንም አየዋለሁ። ከዚያ በፊት ስለ ወንድሜ ሆድ ያን ያህል የሚገባ ነገር የተናገረ ሰው አልነበረም።

ወዲያው ውጪ አንድ ካሚዮን መጥቶ ቆመና ጥሩምባውን ነፋ። ሾፌሮቹ ዓረቡን ጠሩት፣ ወጣ። በቅሎዋም ደነገጠች፤ ልጓሙን ልትበጥስ ስትል እኔም ሮጬ ወጣሁ። አንገቷን አቅፌ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ የባኒያኑ ድምፅ ከውስጥ ይሰማኝ ነበር።

«ሦስት ቀን ሙቅ ብቻ። ሌላ የለም። ሙቅ ብቻ። ሦስት ቀን አለቀ፣ ይኼ ዱቄት፣ ቀጭን አሬራ። ሩዝ በኋላ።»

ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ። እንዳልረሳው በልቤ ደጋገምኩት፤ ሙቅ ብቻ፣ ሦስት ቀን፣ ከዚያ ዱቄት በአሬራ። ወንድሜ ሲወጣ በእጁ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ነበር፤ ዝንጅብልና ነጭ አዝሙድ፣ ሌላም ኃይለኛ ሽታ ያለው ነገር ነበረበት። ከንፈሩ እርጥብ ነበር። እርጥብ እንደነበረ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ዳገቱን ስንመለስ ወንድሜ «ልጓሙን ሳብ አድርጊ»፣ «ቀስ በይ» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ደከመውና ዝም አለ። ቤት ስንደርስ ከበቅሎ አውርጄ መደብ ላይ አስተኛሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እናቴ እጇን እያደራረቀች መጣች።

«ምን አለ?»

«ሙቅ ብቻ አለ። ሦስት ቀን፣ ሌላ ምንም የለም፣ ሙቅ ብቻ።» እንደ ዳዊት ሳላዛንፍ ደገምኩላት።

«ሙቅ?»

«ሙቅ።»

ከዚያ ፊቷ ተፈታ፤ ወንድሜ ከመጣ ወዲህ እንዲያ ሲፈታ አይቼው አላውቅም። «ኮምቦልቻ ድረስ ወርዳችሁ ሙቅ? ይኼማ እጄ ላይ ያለ ነገር ነው! እኔ ሞኟ በኮሶ ሳቃጥለው። ወይ ባኒያን፣ ሙቅ ከየት አወቀ?»

ገባህ? አሁን አንተ ገብቶሃል። ለእኔ አልገባኝም ነበር። ሙቅ ማለት በእናቴ ቤት ሙቅ ነው። አጃው ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ ድስት ውስጥ ይማሰላል፣ ቅቤ ጣል ይደረግበታል። ለአራስ፣ ለታመመ፣ ለደከመ። ሌላ ሙቅ አላውቅም ነበር። ቢያንስ በዚያ ሰዓት ሌላ ሙቅ ትዝ አላለኝም።

ያንኑ ማታ አጃ ከጎረቤት ተበድራ አመሰች፤ ሽታው እስከ ደጅ ወጣ። ጠዋት ስነቃ እሳቱ ዳር ቁጢጥ ብላ ታማስል ነበር። ታንጎራጉርም ነበር። አባቴ ከቀረ ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም፤ ወንድሜም ጭንቅላቱን ከትራሱ ቀና አድርጎ ይሰማት ነበር። ማማሰያውን ሲያነሡት ሙቁ እንደ ማር እስኪንጠለጠል አወፈረችው። «ቀጭን ሙቅ ለእንግዳ ነው፤ ለልጅ አይሆንም» አለች። ቅቤውን አብዝታ አፈሰሰችበት። የባኒያኑን ዱቄትም ጨመረችበት። ሦስት ቀን ጠብቁ ብሏል ስላት «መድኃኒት ተይዞ ምን ያስጠብቃል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ጎድጓዳውን ሣህን ሁለት እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ወንድሜ ሙቁን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ እናቴን አያት፤ ፊት ለፊቱ ቆማ ነበር፣ ነጠላዋ ላይ ዱቄት አለ። አንዴ አፉን ከፈተ፣ የሚናገር መሰለኝ። ማንኪያውን አነሣና በላ።

ጨረሰው። ሣህኑን ተቀብላ ውስጡን አየችና «እሰይ» አለች።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። በሦስተኛው አስመለሰው። እናቴ «በሽታው ነው፣ እየወጣ ነው፤ ኮሶም እንዲሁ ነው የሚያደርገው» አለች፤ ሦስት የተባለው ቀን አምስት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። እሷ ታማስላለች፣ እሱ ይበላል። በየቀኑ ሣህኑን ታያለች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እቆጥር ነበር፤ የማንኪያውን ብዛት፣ በመሐል የሚያርፈውን። አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ አውቄ ነበር። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ለእናቴ «ሲዝል እያየሽ ነው ወይ?» ብዬ መናገር አቃተኝ፣ ምክንያቱም ታንጎራጉር ነበር።

በሰባተኛው ቀን ባኒያኑን ልጠይቅ ማልጄ ብቻዬን ወረድኩ። ሮጥኩ ብልህ ይሻላል። ኮምቦልቻ ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠነከረችም ነበር።

ባኒያኑ የለም። ጥጉ ባዶ ነበር፤ የተቀመጠበት ምንጣፍ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል።

«ሄደ» አለኝ ዓረቡ። «ጣሊያኖቹ ፈቃድ ነሱት። ትናንት በካሚዮን ወደ አሰብ። ምነው፣ ወንድምህ እንዴት ነው?»

«ባሰበት።»

«ላ ሐውለ ... ምን አበላችሁት?»

«ያለውን ነው። ሙቅ ብቻ።»

«እሱስ ልክ ነው፣ ሙቅ ውሃ ሆድ ያጥባል። ሌላ ነገር ቀላቀላችሁበት እንዴ?»

ደጋግሜ ሰማሁት፣ ሙቅ ውሃ። የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። «የምን ውሃ?» አልኩት።

ዓረቡ አየኝ። ገባው። የያዘውን ሜትር ጨርቁ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። «ሱቄ በገባ ሰሞን» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ጠዋት ጠዋት ሙቅ ስጪኝ እያለ ሚስቴን ያስቸግራት ነበር። ሙቅ ሠርታ ትሰጠዋለች፣ እሱ ይመልሳል፣ እሷ ትቆጣለች። ስንት ቀን ሳቅንበት። በኋላ ነው የሻይ በራዱን እየጠቆመ ያሳየን። ውሃ ነው ልጄ። የሞቀ ውሃ። ያን ዕለትም ለወንድምህ ከበራዱ ቀድቶ አጠጥቶታል፤ ብርጭቆውን እኔ ነኝ ያነሣሁት።»

«አሁንስ ምን እናድርግ?»

«አሁንም ውሃውን ስጡት። ከዚያ በላይ ... እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። አላህ ያሽረው።» ነጭ አዝሙድ በወረቀት ጠቅልሎ በእጄ አስጨበጠኝ። ምን ያህል እንደሚጨመር እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ስለ መልሱ መንገድ ብዙ አላስታውስም። ዳገት ነበር። ወረቀቱ በላቤ ረጠበና ቀለሙ እጄ ላይ ቀረ።

ቤት ስደርስ እናቴ ጠበል ልታመጣ ሄዳ ነበር። ወንድሜ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ብርሃኑ ጉልበቱ ላይ አርፎ ነበር፣ ጉልበቱ ከጭኑ ይወፍር ነበር። ፊቱ ተንበረከክሁ። ነገርኩት። እንዴት አድርጌ እንደነገርኩት እንጃ፣ ብቻ ጨረስኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ብርጭቆውን የጠጣሁት እኔ አይደለሁም?»

«እና ለምን በላህ? ጋሼ፣ ለምን አልተናገርክም?»

ራሴ ላይ እጁን አሳረፈ፤ እንደ ቅጠል ቀላል ነበር። «ስታንጎራጉር አልሰማሃትም?» አለኝ። «መጀመሪያ ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። በነጋታው ደግሞ ሌላ አጃ ተበድራ መጣች» አለኝ።

ከዚያ አስማለኝ። ለእናታችን እንዳልነግራት። «ስህተቱ ያንተ ነው» እንዳትለኝ ፈልጎ ይሁን ወይስ ለእሷ ብቻ አስቦ፣ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ውሃ አሞቅለት ነበር። ነጭ አዝሙድ በሁለት ጣት ቆንጥሬ እጨምርበታለሁ። ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ መጀመሪያ ያሸተዋል፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ይጠጣል። «አንቺ፣ ሙቅ ስጪኝ» ይለኝ ነበር በባኒያኑ ድምፅ። አንድ ቀን ጠዋት የሆዱ ውጥረት ጎደለለት። አላስመለሰውም። በሩ ድረስ ሄዶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ዳነ ብዬ ነበር። ያን ቀን።

ሙቁስ ታዲያ? እናቴ መሥራቷን አላቆመችም። ሣህኑን ትሰጠዋለች፤ «ይብረድልኝ» ይላታል፤ ወጣ ስትል ለእኔ ያቀብለኛል። የወንድሜን ሙቅ የምበላው እኔ ሆንኩ። ከጓዳው ጀርባ ቆሜ በችኮላ እውጠዋለሁ፤ ጉሮሮዬን እያቃጠለኝ፤ ባዶውን ሣህን እጁ ላይ መልሼ አስቀምጥለታለሁ። እናቴ ተመልሳ ታየዋለች። «እሰይ። እሰይ የኔ ጌታ።» ጥሩ ሙቅ ነበር። ይኼን መናገር ያሳፍረኛል፤ በዚያ ሰሞን ጉንጬ ሞላ።

ዘግይተን ነበር። ወይም ከመጀመሪያውም ዘግይቶ ነበር። ሙቁ ገደለው አልልህም፣ ውሃው ያድነው ነበርም አልልህም። በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ስለ ሰው አንጀት የተጻፈውን ገጽ መምህሩ ሳያዝዘኝ ብዙ ጊዜ አነበብኩት። መልሱን እዚያም አላገኘሁትም።

ውሃውን በጀመርን በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጣሳውን ሳቀብለው ጣቶቹ አልጨበጡትም። ውሃው ጋቢው ላይ ፈሰሰ። «ሞቀኝ» አለ። የተናገረው የመጨረሻ ነገር እሱ ነው። እናቴ ደጅ ላይ አጃ እያበጠረች ነበር።

ለቅሶ ላይ ሴቶቹ እንዴት ሆኖ አለፈ ብለው ሲጠይቋት የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር። እኔ ከወንዶቹ መሐል ሆኜ እሰማታለሁ። «እኔስ አልቆጭም» ትላለች፣ ደረቷን እየመታች፣ «ሙቄን አንድ ቀን አልመለሰብኝም። እስከ መጨረሻዋ ቀን ጨርሶ ነው የሄደው። ቀኑ ሆኖ ነው እንጂ ልጄስ በልቶልኛል።» ሴቶቹ እውነት ነው ይሏታል። በርበሬ ሻጯም እውነት ነው አለች። ያ ቃል እንዳጽናናት፣ በዚያ ቃል ተደግፋ እንደቆመች አየሁ። ምን ልበል? ምንም አላልኩም። እስካሁንም አላልኩም፤ አሁን ላንተ ነገርኩህ።

ባለፈው ሳምንት ከሻይ ቤቱ ስንለያይ ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ስታስለኝ ሰምታ ድስት ጥዳ ነበር። ዓይኗ ደክሟል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሙቁ ግን ያው ነው፣ እንደ ማር የሚንጠለጠል። ቅቤውን አብዝታለች። ሣህኑን ሁለት እጄ ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ቆመች። አልራበኝም ነበር፣ ጉሮሮዬም ታሞ ነበር። በላሁት። ጠርዙ ላይ የቀረውን እንኳ በማንኪያው ጠረግሁ።

ሣህኑን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለችውና ውስጡን አየች።

«እንደ ወንድምህ ነህ» አለችኝ። «አታስተርፍም።»